ረጅም ሰዓት መቆም እችላለሁ ወይ?

ሰው ወደ ፋሻ ክፍሌ ሲገባ የሚጠይቀኝን ገና በሩን ሳያልፍ አውቀዋለሁ። ገበሬው «ውሃ ይነካዋል ወይ?» ይላል። ነጋዴው ሥራው እየቀረበት ስለሆነ «አንድ ጠንካራ መርፌ ወግታችሁ አትገላግሉኝም?» ይላል። ልጇን ያቀፈች እናት «ክፍቱን ቢሆን፣ አየር እያገኘው አይሻልም?» ትለኛለች። ወጣት ሴት ከሆነች ደግሞ ቁስሉ ክንዷ ላይ ይሁን ጉልበቷ ላይ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ልትወጣ ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ጠባሳ ይተዋል?» ትላለች። እዚህ ደባርቅ፣ ገበያው ዳር ባለችው ትንሽ ክሊኒካችን ውስጥ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ከጥያቄው ጀርባ ሌላ ነገር ተደብቆ ሊኖር እንደሚችል ግን አልጠረጠርኩም። የዋህ ነበርኩ እንዳልል፣ የዋህ አልነበርኩም። አፍቅሬ ነበር።

ሚናስን በኅዳር ወር እናቱ ደግፈውት ከባጃጅ ሲወርድ ነው መጀመሪያ ያየሁት። ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ደብር ዲያቆን ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ሲያድሱ አንድ ቆርቆሮ ከላይ ተንሸራቶ ቅልጥሙን ሰንጥቆታል። ቤት ውስጥ ቅቤና ቅጠል ሲያደርጉበት ሰነበቱ፤ መግል ሲይዝና ትኩሳት ሲጥለው ነው እኛ ትዝ ያልናቸው። እናቱ እማማ ወለተ ሥላሴ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም በጨርቅ ቋጥረው አንገቱ ላይ አንጠልጥለውለታል። እሱም በሁለት ጣቱ ይዞ አፍንጫው ላይ ለጥፎታል። ያገራችን ሰው ቁስለኛን ሽታ ይመታዋል ብሎ ይፈራል። ሽቶ የተቀባ ሰው ወይም ከወንድ ጋር ያደረች ሴት አጠገቡ ከደረሰች ቁስሉ ያመረቅዛል ይባላል።

እማማ ወለተ ሥላሴ ገና ጓንቴን ሳላጠልቅ አሸተቱኝ።

«የኔ ልጅ፣ ሽቶ ነክተሻል።»

«ትንሽ ነው እማማ።»

«ባልሽ አብሮሽ ነው?»

ይህ አይመለከትዎትም ማለት እችል ነበር። ግን ሰውን ሁሉ እንዲህ እያልኩ የት እደርሳለሁ? «ባል ነበረኝ» አልኳቸው። «ጃናሞራ በልጅነቴ ድረውኝ ነበር። ጥዬ ወጣሁና ጎንደር ሄጄ ተማርኩ። ፈት ነኝ።»

ያኔ ነው ሚናስ ሽንኩርቱን ከአፍንጫው አውርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ያየኝ። እንደ ሌላው ሰው የማዘንም የመጸየፍም አስተያየት አልነበረም። ሌላ ነገር ነበር፤ ያን ቀን ስሙን አላወቅኩለትም። ይህን የምናገረው ለምን መሰላችሁ? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ እንደነበር እንድትመሰክሩልኝ ነው።

«በይ እንግዲያው የኔ እናት» አሉኝ እማማ፣ «የልጄ ቁስል እስኪደርቅ ሽቶ አትንኪብኝ። አደራሽን።»

መግል የሚያመጣው ሽቶ እንዳልሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የእናት ፍርሃት ነውና እሺ አልኳቸው። ማታ ቤቴ ገብቼ የሽቶ ጠርሙሴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ከማግስቱ ጀምሮ በልብስ ሳሙና መታጠብ ጀመርኩ።

ዶክተሩ መድኃኒቱ በደም ሥር በጉሉኮስ ይግባለት ብለው አዘዙ። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሚናስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። መርፌውን ልወጋው ክንዱን ስይዝ «ሲስተር፣ ጉሉኮስ ጾም ያስፈታል?» አለኝ።

«እሱን የንስሐ አባትህን ጠይቃቸው።»

«ጠይቄያቸው ነበር። ‹ነርሷን ጠይቅ› አሉኝ።»

ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። «እንግዲያው የነርሷ ፍርድ ይኸው፤ መድኃኒት እንጂ ምሳ አይደለም» አልኩት። እሱም ሳቀ። ሲስቅ የዲያቆንነቱ ጭምትነት ሁሉ ጥሎት ሄዶ ተራ ጎረምሳ ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጉሉኮሱ እስኪያልቅ እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ሆነን እናወራለን። እሱ ጠብታዋን እያየ ያወራል፣ እኔ እሱን እያየሁ እሰማለሁ። ቀና ሲል ዓይኔን ወደ ጠብታዋ እመልሳለሁ። «እርስዎ» ሲለኝ ሰንብቶ አንድ ቀን ሳይታወቀው «አንቺ» አለኝና ደነገጠ። እኔ ግን እንዳልሰማ ሆንኩ። ይቅርታ ጠይቆ መልሶ «እርስዎ» እንዳይለኝ ፈርቼ ነበር።

ጉሉኮሱ አልቆ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ፋሻ ሊያስቀይር ይመላለስ ጀመር። እንዲህ ሲመላለስ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ተረኛ በሽተኛ ሳይኖር፣ ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠብኩለት «ኤልሲ» አለኝ። ሙሉ ስሜ ኤልሳቤጥ ነው፤ እንዲህ ብሎ ያቆላመጠኝ ማንም አልነበረም። «አባቴን መምሬ ሀብተ ሚካኤልን ታውቂያቸዋለሽ። አንድ ልጃቸው ነኝ። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ መቅደሱን እኔ እንድረከባቸው ነው የሚጠብቁት።»

የሚለው ገብቶኛል። ዲያቆን ቅስና እንዲቀበል ድንግል አግብቶ በተክሊል መቁረብ አለበት። እንደኔ ያለችውን ፈት ያገባ ዕለት መቅደሱ ይዘጋበታል። «አውቃለሁ ሚናስ» አልኩት። «አንተም ስትስቅልኝ ታውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ሳቅህልኝ?»

«ስለወደድኩሽ ነዋ!» አለ፣ እንደ ተቆጣ ሰው። «ደብተራ እሆናለሁ። ከመቅደስ ብወጣ ከማኅሌት ማን ያስወጣኛል? መቋሚያዬን ይዤ ከደብተሮቹ ጋር እቆማለሁ፣ ማታ ወዳንቺ እመለሳለሁ። ብቻ ይሄ ቁስል ይድረቅልኝ። ለአባቴ ቆሜ ነው የምነግራቸው። እንደ በሽተኛ ተኝቼ፣ እያዘኑልኝ እሺ እንዲሉኝ አልፈልግም።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ቁስል አላክምም ነበር። ትዳሬን ነበር የማክመው። የሞተውን ሥጋ ስቆርጥለት፣ ጥርሱን ነክሶ ዝም ሲል፣ ልቤ እየተቆረጠ እጄን አላላላም ነበር። ከሥር ቀይ ሥጋ ማብቀል ሲጀምር ያልተወለደ ልጅ ልብ ትርታ የሰማሁ ያህል ደስ አለኝ። ሴት እንዲህ ሆና የሰው ቅልጥም ታፈቅራለች ወይ? እኔ አፈቀርኩ።

ከገና በኋላ በመጣበት ቀን ፊቱ ጠቁሯል፣ ወሬውም አጥሯል። ፋሻውን አስሬለት ልነሳ ስል «ኤልሲ፣ ረጅም ሰዓት መቆም እችላለሁ ወይ?» አለኝ።

«ምን ያህል ረጅም?»

«ሌሊት ጀምሮ እስከ ረፋድ።»

ማኅሌት ነው አልኩ በልቤ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከደብተሮቹ ጋር መቋሚያውን ተደግፎ፣ ጸናጽሉን ይዞ ሲወዛወዝ ታየኝ። ለአባቱ ሊነግራቸው ቀኑን እያሰላ ነው ብዬ ደስ አለኝ። «ጥር ሲጋመስ ትችላለህ» አልኩት። «ብቻ እግርህ እንዳያብጥ ፋሻውን ከጣቶችህ ጀምረህ ወደ ላይ ጠቅልለው። ከቁርጭምጭሚትህ ብቻ ከጀመርክ ደሙ ታች ይቀርና ያሳብጥሃል።» አስጠንቼ እሱ ራሱ እንዲጠቀልለው አደረግኩ። ሲያጠፋ እጁን ይዤ አቀናሁለት። እጁን ከእጄ አላወጣም። እሱንም ከፍቅር ቆጠርኩት።

ከጥምቀት በፊት በነበረው ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ከዳባት መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንደር የሚመጣ የቆዳ ሐኪም አለን፣ ዶክተር ስሜነህ። ያበጠ ጠባሳ በመርፌ ያሟሽሻል ተብሎ ስሙ ከወጣ ወዲህ ቆነጃጅቱ ሁሉ ቅዳሜን ይጠብቃሉ። ያን ቀን መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ዘግይቶ ነበርና እንግዶቹን እኔ ተቀበልኳቸው። አንደኛዋ የሺወርቅ የምትባል ደርበብ ያለች ሴት ናት፤ የልጅቷ አክስት። ልጅቷ ጽጌሬዳ ትባላለች፤ የቄስ ልጅ ናት። ነጠላዋን እስከ አፏ ተከናንባ ዓይኗ ብቻ ይታያል።

«በይ አሳዪያት» አለች የሺወርቅ።

ነጠላውን ስታወርደው ከጆሮዋ ሥር እስከ አገጯ የወረደ፣ ጣት የሚያህል እባጭ ጠባሳ አየሁ። በልጅነቷ የፈላ ውሃ ደፍቶባት ነው።

«ሲስተር፣ እንዲህ ያለው በመርፌ ይጠፋል?»

«ይሟሽሻል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም የኔ እመቤት። መርፌውም በየወሩ የሚደጋገም ነው።»

«በሁለት ሳምንት አይሆንም?»

«ለምን በሁለት ሳምንት?»

«ሠርጓ ነዋ!» አለች የሺወርቅ፣ እልልታዋ አፏ ላይ ደርሶ። «ዲያቆን ነው የምታገባው። አይቷት አያውቅም።»

«እንኳን ደስ ያለሽ» አልኳት ከልቤ። መንጋጋዋን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኳት፤ ጠባሳውን በጣቴ ዳሰስኩት። ልጅቷን ፍርሃቷ ስለለቀቃት ነው መሰለኝ ወሬዋ መጣ።

«እሱም እዚህ ደባርቅ ነው አሉ የሚታከመው። ቆርቆሮ እግሩን ቆርጦት። ሠርጉ ቁርጥ ሳይሆን የቆየው ለዚያ ነው፤ ሥርዓተ ተክሊሉ ከቅዳሴው ጋር ረጅም ነው፣ መቆም አለበት። አሁን ነርሷ ‹ትችላለህ› ብላዋለች አሉ። እርስዎ ያውቋት ይሆን?»

ጣቴ ጠባሳዋ ላይ እንዳለ ቀረ። «አላውቃትም» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ያቺን ነርስ በዚያች ቅጽበት አላወቅኳትም ነበር።

ልዋሽ እንደማልችል አድርጌ ላወራ አልፈልግም። ምቀኝነት እንደ ቃር ጉሮሮዬ ድረስ መጣብኝ። «ይጠፋል፣ ዛሬውኑ ተወጊ» ብላት ዶክተሩን ለምና ትወጋና ለሠርጓ ጠባሳዋ ሳይሟሽሽ ዙሪያው ነጣ ብሎ ታርፈው ነበር። አፌን ከፈትኩ። ልጅቷ የምለውን በሙሉ ዓይኗ ትጠብቀኝ ነበር፤ ምን በደለችኝ?

«ለሠርግሽ ብለሽ አትወጊው» አልኳት። «ቆዳሽን ሊያነጣብሽ ይችላል፣ ያኔ ይብስ ይታያል። ከሠርጉ በኋላ ተረጋግተሽ ነይና በየወሩ ይደረግልሻል።»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ጥያቄው ግን የሌሎቹ አልነበረም። «ሲያየኝ ይጠላኝ ይሆን?»

መልስ ያጣሁለት የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነው።

ሰኞ ሚናስ መጣ። እናቱ ውጭ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ፋሻውን ፈታሁት። ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ፣ እንዳስጠናሁት፣ አንድ እጥፋት ሳይስት ጠቅልሎታል። ከሥሩ ቁስሉ ዳር እስከ ዳር ገጥሟል፤ አዲሱ ቆዳ ያብረቀርቃል። በሕይወቴ ያን ያህል ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

«ዳነ?» አለኝ።

«ዳነ። ተክሊሉን ቆመህ ትፈጽማለህ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሙሽራህ።»

«ኤልሲ…»

«አትጥራኝ እንደሱ! መቼ ነው ለአባትህ ልትነግራቸው የነበረው? ቆሜ ነው የምነግራቸው አላልከኝም?»

«ነገርኳቸው» አለ። «በገና ማግሥት ነገርኳቸው። ስምሽን ጠርቼ። አባቴ ተነስተው እግሬ ላይ ወደቁ። አባቴ! እጃቸውን ሰው ሁሉ ሲስም የኖረው፣ ይሄንን ያሰርሽውን ፋሻ ይዘው አለቀሱ። ‹መቅደሱን ለማን ትቼው ልሙት?› አሉኝ። እኔ ምን ላድርግ? ምን ይውጠኝ?»

አዘንኩላቸው። እውነቴን ነው፤ ለሽማግሌው ሆዴ ባባ። ለእሱም ትንሽ። እዚያው ላይ ባቆም ይበቃኝ ነበር። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ።

«ከዚያ በኋላ ስንቴ መጥተሃል» አልኩት። «እዚሁ ተቀምጠህ እጄን አስያዝከኝ። ረጅም ሰዓት መቆም እችላለሁ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። እኔ እንደ ሞኝ ለማኅሌት መስሎኝ ደስ ሲለኝ ዝም ብለህ አየኸኝ። ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?»

ራሱን ደፋ። እዚያው ዝም ቢል ምናለበት እላለሁ እስከ ዛሬ።

«ፈራሁ» አለ። «ከነገርኩሽ ቁስሌን ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ድረውኝ አልቅሻለሁ። ባሌ መትቶኝ አልቅሻለሁ። ጎንደር ርቦኝ አልቅሻለሁ። ይህ ግን ከለቅሶ በላይ ሆነብኝ። ስሜ ከነታሪኩ ሲነገረው ያልተጸየፈኝ ሰው፣ በዓለም ላይ አንድ እሱ ያውቀኛል ያልኩት ሰው፣ ይህን ሁሉ ቀን እጄን እያየው አላወቀውም።

«ሚናስ» አልኩት። ሳልጮህ። «አንተን ብተው እንኳ ቁስልህን አልተውም ነበር።»

ያኔ አለቀሰ። ጥርሱን ነክሶ፣ ያን የሞተ ሥጋ ስቆርጥለት እንደሚሆነው። እንባውን ልጠርግለት እጄ ተነስቶ ነበር፤ የቁስል መጥረጊያውን ጎዝ አንስቼ የዳነውን ቆዳ ዳር ዳሩን ጠረግኩበት። ልብ ምን ያህል ቢቆርጥ እጅ ልማዱን አይተውም።

«ጠባሳ ይተዋል?» አለኝ በመጨረሻ። የሚለው ቢጠፋው ይሆናል።

«ይተዋል። ያንተን ግን ልብስ ይሸፍነዋል። የሷ ፊቷ ላይ ነው፣ ከዚህ እስከዚህ።» በጣቴ በራሴ መንጋጋ ላይ አሳየሁት። «ሲያየኝ ይጠላኝ ይሆን ብላ ጠይቃኛለች። መልስ አልሰጠኋትም። እሱን አንተ ትመልሳለህ። እኔን እንዳደረግኸኝ ብታደርጋት ግን እግዚአብሔር ይይልህ።»

በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ሲያልፍ ልብሱ ልብሴን ነካው፤ ሁለታችንም ዞር አላልንም። እግሩ ላይ ምንም ማነከስ አልነበረም። ቀጥ ብሎ ሄደ። ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ኩራቴም ሕመሜም እዚያ ላይ ነበር።

እማማ ወለተ ሥላሴ ልጃቸውን አሳልፈው ወደ እኔ ገቡ። ከነጠላቸው ሥር አንድ ጣሳ ማር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ሁለት እጄን ይዘው ሳሙት፣ አገላብጠው።

«ይህ እጅ ይባረክ። ልጄን ከሞት መለሰልኝ።»

«ሥራዬ ነው እማማ።»

እጄን ቶሎ አልለቀቁትም። ዓይኔን አላዩኝም፣ ያዩ የነበረው የግድግዳውን ቀለም ነው። «በይ እንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሽቶሽን ተቀቢ ልጄ። ቁስሉ ደርቋል። ስለኛ ብለሽ ብዙ ሰንብተሻል።»

ያውቁ ነበር? ያውቁ ይመስለኛል። ክፋት አልነበራቸውም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። የምጠላው ሰው እንኳ አልሰጡኝም።

ሠርጉ በሁለተኛው ሳምንት እሑድ ዋለ። ቤቴ ብቀመጥ አብዳለሁ ብዬ ተራዬ ሳይሆን ሥራ ገባሁ። ከመውጣቴ በፊት ሳጥኔን ከፍቼ ጠርሙሱን ከጨርቁ ፈታሁት። አንገቴን፣ ክንዴን፣ ነጠላዬን ሳይቀር ቀባሁት። ይሽተት! ደባርቅ በሙሉ ትሽተት! አሁን የማመረቅዝበት ቁስለኛ የለኝም አልኩ።

ረፋዱ ላይ አባባ ላቀው የሚባሉ የጃናሞራ ገበሬ መጥረቢያ ስቶ እግራቸውን መትቷቸው ገቡ። ሰውየው እንደ አባቴ ናቸው፤ የቀዬዬን ንግግር የሚናገሩ። ጎንበስ ስልላቸው ጋቢያቸውን ስበው አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

«አትቀየሚኝ የኔ ልጅ» አሉ አፍረው። «ሽታ አይመታኝም ወይ?»

ወጥቼ ቧንቧው ሥር ቆምኩና አንገቴንም ክንዴንም በልብስ ሳሙና አጠብኩ። ውሃው እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። ነጠላዬን አውልቄ ችካሉ ላይ ሰቀልኩት። ስመለስ አባባ ላቀው ሐፍረቱ አልለቀቃቸውም።

«ባልሽ የገዛልሽን ሽቶ አስታጠብኩሽ» አሉኝ።

«ባል የለኝም አባባ። ሽቶውን የገዛሁት እኔው ነኝ።»

ያኔ ነው የሙሽራ መኪኖቹ ከወደ ዳባት በኩል ጡሩምባቸውን እየነፉ የመጡት። አባባ ላቀው በመስኮቱ አሻግረው አዩና ፊታቸው በራ። «እልል በሉ! ማነው ዛሬ የሚዳረው?» አሉ።

ቁስሉን አጥቤ ጎዝ አደረግኩበትና ፋሻውን ከጣቶቻቸው ጀምሬ ወደ ላይ መጠቅለል ያዝኩ። «ከዚህ ነው የሚጀመረው አባባ» አልኳቸው፣ «እግርዎ እንዳያብጥ።» ቀና ብዬ ላያቸው ግን አልቻልኩም። እንባዬ ንጹሑ ፋሻ ላይ ጠብ ብሎ ነበርና፣ ፈትቼ በአዲስ እንደገና ጀመርኩት።